የጋሼ ጣሰው ቡሎንና የዛኪር ሎሚ

ምናለሽ ተራ ውስጥ ከዛኪር ሱቅ ሳይወለወል የሚወጣ ዕቃ የለም። የተጣመመ የበር እጀታ ይሁን የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ ወይም ዝገት የበላው ሚዛን፣ መጀመሪያ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከዚያ አመድ ይነሰነስበታል፤ ዛኪርም የጆንያ ቁራጭ ይዞ ፊቱ እስኪታይበት ድረስ ያሸዋል። «ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ነው» ይላል። ጎረቤቶቹ «ለዛኪር ከሰል ቢሰጡት አጥቦ ነጭ ያደርገዋል» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እጁ ግን ማሸቱን አያቆምም።

ጋሼ ጣሰው ቡሎናቸውን አደራ የሰጡት ለዚህ ሰው ነው።

ጋሼ ጣሰው ራጉኤል ጀርባ የሚኖሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። በወጣትነታቸው የትራክተር ጥገና ሊማሩ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ነበር። እዚያ የተወዳጁት አንድ ሹፌር፣ ከጠፈር ተመልሰው ሜዳ ላይ የሚያርፉ መንኮራኩሮችን ከሚያነሣ ቡድን ጋር ይሠራ ነበር። ሲለያዩ አውራ ጣት የሚያህል ቡሎን እጃቸው ላይ አኑሮ «ይህ ሰማይ ደርሶ የመጣ ነው» አላቸው። እሳቸውም ይህንኑ ሲናገሩ ኖሩ። ከሰፈሩ ያተረፉት ግን «ጋሼ ጨረቃ» የሚል ቅጽል ስም ብቻ ነው። ሁለት የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ቡሎኑን አይተው፣ አሽትተው፣ ያለ ቃል መልሰውላቸዋል።

አሁን ሔርሜላ የምትባል፣ የጠፈር ታሪክ ዕቃዎችን እየመረመረች የምትገዛ ወጣት፣ ዛኪር ሱቅ መጥታ ልታየው ቀጠሮ ይዛለች። ጋሼ ጣሰው በዋዜማው ቡሎኑን ሲያስረክቡ የዛኪርን ክንድ ያዝ አደረጉት።

«የቸኮልኩት ለብሩ አይደለም፣ ዛኪር። ሳልሞት አንድ የሚያውቅ ሰው ‹ጣሰው አልዋሸም› ይበልልኝ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ እንደ ዓይኔ ነው የምይዘው!»

እንደ ዓይኑም ያዘው። ማለትም ወለወለው።

ቡሎኑ ጥቁር ነበር። ሎሚው ሲነካው ጥቁሩ እንደ ጭቃ ለቀቀ። ዛኪር ደስ ብሎት ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ወዲያው ደስታው ጠፋ። ጨርቁ የጫማ ቀለም ይሸታል። ሰብሳቢዎቹ አሽትተው የመለሱት ለዚህ ነው ማለት ነው። ወይ ጋሼ ጣሰውን ያ ሹፌር አሞኝቷቸዋል፣ ወይ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው… ዛኪር ሐሳቡን መጨረስ አልፈለገም። ከጥቁሩ ሥር ደግሞ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ገለባ የመሰለ እድፍ ብቅ አለ። ቢያንስ ንጹሕ ላድርገው ብሎ ሌላ ሎሚ ቆረጠ። እድፉ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ጋሼ ጣሰው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ እቴቴ ጋር መጡ። ሔርሜላ ማጉያ መነጽሯን ይዛ ቀድማ ደርሳለች።

«ጥቁሩ የት ሄደ?» አሉ ጋሼ ጣሰው ቡሎኑን ሲያዩ።

«ወለወልኩት፣ ጋሼ።»

«አንተ ሰውዬ! ከሰማይ ሲወርድ የለበለበው እሳት ምልክት እኮ ነው! ማስረጃዬን በሎሚ ታወርደዋለህ?»

«ዛኪር ጨረቃንም ቢያገኛት አይምራትም!» አለ ከማዶ ሱቅ ሙደሲር።

ዛኪር ጨርቁን በሰው ፊት ማውጣት ከበደው። አጣጥፎ ለሔርሜላ በዝግታ አቀበላት። እሷ ግን አሽትታ ጮክ ብላ «የጫማ ቀለም ነው» አለች።

ጋሼ ጣሰው ጨርቁን ነጥቀው አሸተቱ። ዛኪር መሬት መሬት አየ።

«ታዲያ ምኑ ያስደነግጣል?» አሉ እትዬ እቴቴ። «እኔ ነኝ የምቀባው! በዓል ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ጥርት ብሎ እሱ ብቻ ዥጉርጉር ሆኖ ሲያሳፍረኝስ? ከጫማው ጋር አብሬ ነው የማስውበው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ ነዋ!»

«እኔ እኮ እሳቱ እያደር ያጠቆረው መስሎኝ!» አሉ ጋሼ ጣሰው፣ ደረታቸውን ይዘው።

ሔርሜላ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቡሎኑን በመነጽሯ ታገላብጥ ጀመር። «ጋሽ ዛኪር፣ ይህን ሰማያዊውን ለምን ተዉት?»

«አልተውኩትም፣ የኔ እህት። ሎሚ ጨረስኩበት፤ እድፉ አልለቅም አለ።»

«እንኳን አልለቀቀ። እድፍ አይደለም፤ ይህ ዓይነት ብረት ብርቱ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ቀለም ነው።» ከቡሎኑ ራስ በታች በጥፍሯ አሳየቻቸው። ቀለሙ ሮንዴላው፣ ከሥሩ የሚገባው የብረት ቀለበት፣ ያርፍበት ከነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ በመስመር እንደተቆረጠ ይቆማል። «አንድ ሰው ለማታለል በብየዳ እሳት ቢለበልበው ኖሮ እዚህም ይገባ ነበር። ሲነድ ከአንድ ነገር ጋር ታስሮ ነበር።»

ቀጥላ ቡሎኑ ላይ ተቀርጾ የጫማ ቀለም ሞልቶበት በኖረው ፊደልና ቁጥር ላይ አተኮረች፤ ስልኳ ውስጥ ካሉ ፎቶዎች ጋር እያስተያየች ቆየች። በመጨረሻ ቀና አለች።

«በዚያ ዘመን መንኮራኩሮች ላይ ከማውቃቸው ጋር አንድ ነው። ጓደኛዎ ሲሰጥዎ አልነበርኩምና ስለዚያ መማል አልችልም። ዕቃው የሚናገረው ግን እርስዎ የሚሉትን ነው። አልዋሹም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ጣሰው ወደ ማዶ ዞሩ።

«ሙደሲር! ና ወዲህ! ድገሚለት፣ ልጄ!»

ሔርሜላ ደገመችላቸው። እሳቸውም ቡሎኑን አንድ ጊዜ ስመው ሰጧት። «ውሰጂው እንግዲህ፤ እኔ የምፈልገውን አግኝቻለሁ» ብለው ካፖርታቸውን እያስተካከሉ ወጡ። እትዬ እቴቴ ሊከተሏቸው ሲሉ ወደ ሔርሜላ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ እንደኔ ቀለም እንዳትቀቢው!» አሉ።

ወሬው ምናለሽ ተራን ዞረ። በሳምንቱ ሙደሲር ጥቁር ያለ የብረት ድስት ክዳን ታቅፎ መጣ።

«ዛኪር፣ ይኸም ከሰማይ የወረደ ነው። ለዚያች ልጅ ደውልላት።»

ዛኪር ሎሚ ቆረጠና ክዳኑን አሸት አደረገው። ጥቁሩ ከነቅባቱ እየተግተለተለ ወረደ።

«የወረደውስ ወርዷል» አለው። «ግን ከምድጃ ነው።»

ሙደሲር ስቆ ክዳኑን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ዛኪር አልሰጠውም፤ አመዱን አንሥቶ ይነሰንስበት ጀመር።