ማማረር የምታስተምረው ዶሪን

የአካባቢያችን አስተዳደር በሆነው በካውንቲው ጽሕፈት ቤት የእኔን ክፍልና የዶሪን ሃልቮርሰንን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እኔ የቤትና የመሬት ሰነድ እመዘግባለሁ። ዶሪን ደግሞ ከጦር ሠራዊት ለተሰናበቱ ሰዎች የሚገባቸውን ታስገኛለች። ማመልከቻ ትሞላለች፣ ይግባኝ ትጽፋለች፣ ግዛታችን ሚኒሶታ ለቀድሞ ወታደሮቿ ምን ምን እንደምትሰጥ ቁጭ ብላ ታስረዳለች። ደመወዟን ካውንቲው ስለሚከፍላት ከባለጉዳይ ምንም አትቀበልም። የሚከብዳት ግን ወረቀቱ አይደለም፤ ሰዉን ማሳመኑ ነው።

የእኛ ሰው እግሩን መጋዝ ቢቆርጠው እንኳ "አይከፋም፣ ሌላው አለኝ" የሚል ነው። ዶሪን "ይገባሃል፣ ነጻ ነው" ስትለው፣ "ለባሰበት ሰው ይሁን" ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣል። እኔም እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለው ጨዋነት ያንገበግበኛል።

ዶሪን ራሷ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የጭነት መኪና ነድታለች። ስትመለስ ምን እንደሚገባት የነገራት ሰው አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖረች። ስለዚህ ቢሮዋ ተቀምጣ ሰው አትጠብቅም። የዓሣ ማጥመጃ መሸጫው ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ሽማግሌዎቹን እያደነች ትይዛለች። ሬይኖ ሳልሜላን የያዘችው ዓሣ ሊያጠምድ ትል ሲገዛ ነው።

ሬይኖ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በቬትናም ሄሊኮፕተር ጠጋኝ ሳለ ከአንዱ ሄሊኮፕተር ጣሪያ ላይ ወድቆ ጀርባው ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን የጨረሰው በእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ከሚስቱ ከማርሊስ ጋር የሚኖረው ሐይቅ ዳር፣ አባቱ በሠራው ቤት ውስጥ ነው። ከከተማ የመጡ ሀብታሞች ዙሪያውን ቪላ ሲደረድሩበት የቤቱ ግብር ጣሪያ ነካ። ልጃቸው ሚኒያፖሊስ ውስጥ አፓርታማ ፈልጋላቸው፣ እስከ ሰኔ ቤቱን ሸጠው እንዲገቡ ቀን ቆርጣለች። መዳኛቸው አንድ ነበር። ጉዳቱ ከባድ መሆኑን ፌዴራል መንግሥት ካመነለት፣ ግዛቱ አብዛኛውን ግብር ያነሣለታል።

ሬይኖ ለምርመራ ሄደ። ሐኪሙ "ጀርባህ እንዴት ነው?" አለው። ሬይኖም "አይከፋም" አለ። ሐኪሙ የሰማውን ጻፈ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ዶሪን ግድግዳውን በጡጫ ስትመታው የእኔ ግድግዳ ሰዓት ወደቀ።

ይግባኝ ብላ ሁለተኛ ምርመራ አስፈቀደችና ሬይኖን ልምምድ አስጀመረችው። የእኔን ነጭ ሹራብ ለብሳ ሐኪም ሆነች። ማርሊስ ጥግ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትሠራለች።

"ጀርባህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ሬይኖ!"

"እሺ፣ ትንሽ ይወጋኛል።"

"መቼ መቼ?"

"ስተነፍስ ብቻ።"

ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አፌን ያዝኩ።

"ስማኝ አንተ ግትር" አለችው ዶሪን፣ "ይህን ለምን ለሐኪሙ አልነገርከውም?"

"ሰውየው ሥራ በዝቶበታል። ደግሞ እኔ መዋሸት አልችልም።"

"ማን ዋሽ አለህ? ግማሹን እየዋጥክ ነው እኮ የምትዋሸው!"

ሦስት ቀን ለፋች። ስለ በረዶ ጠራጊው መኪና፣ ስለ አዲሱ ፓስተር ስብከት፣ ስለ እኛ ቢሮ ቡና ሬይኖ እንደ ጉድ ያማርራል። ስለ ራሱ ሲሆን ግን አፉ ይለጎማል። በመጨረሻ ዶሪን ተስፋ ቆርጣ ወደ ማርሊስ ዞረች።

"አንቺስ የሚያመውን አታውቂም?"

"እኔም ማማረር አልወድም" አለች ማርሊስ ዓይኗን ከካልሲው ሳታነሣ። "ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ግን እጽፋለሁ።"

በማግስቱ የመኖ መደብሩ በየገናው በነጻ የሚያድላቸውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎች በሁለት ከረጢት ይዛ መጣች። የሠላሳ አንድ ዓመት ናቸው። ኮፒ ማድረጊያው እኔ ዘንድ ስለሆነ ሁሉም ወደ እኔ ክፍል ገቡ። በየቀኑ አራት ማዕዘን ውስጥ ቅዝቃዜው፣ በረዶው ከሐይቁ ላይ የቀለጠበት ቀን፣ የሞተው ጎረቤት ተጽፏል። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ "ወንበር" ትላለች። በማግስቱም "ወንበር"። ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ዶሪን።

"ሬይኖ ወንበር ላይ ያደረባቸው ሌሊቶች ናቸው።"

ሬይኖ ቀን መቁጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። "ሁሉንም ጻፍሽው?"

"ጻፍኩት።"

"ስጋደም ጀርባዬ ይቆለፋል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መገላበጤ እንዳይቀሰቅስሽ ብዬ ነው።"

 "እኔ ደግሞ ጠልተኸኝ መስሎኝ" አለች ማርሊስ። "እንዳልጠይቅህ መልሱን ፈራሁ።"

ኮፒ ማድረጊያው ባዶ ወረቀት ይተፋል፤ የሚያጠፋው ጠፋ። ቃል የማያጥራት ዶሪን መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ልደብቅ።

ለሁለተኛው ምርመራ ባልና ሚስቱ ከነከረጢታቸው አብረው ገቡ። ዶሪን ኮሪደር ላይ ጠበቀቻቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ሐኪሙም ጽፎ ጽፎ ወረቀት ጨረሰ አለችኝ። ከሁለት ወር በኋላ የፈቃድ ደብዳቤው መጣ። ዶሪን የግዛቱን የግብር ቅነሳ ቅጽ በዚያው ሰዓት ሞላች፤ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ መታሁት። ማርሊስ ከእኔ ስልክ ልጇ ጋ ደወለችና አፓርታማውን እንድትተወው ነገረቻት።

ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ ስል፣ አንድ ሰኞ ሬይኖ ፊቱ እንደ ሳውና መታጠቢያ ቤት ድንጋይ ግሎ ገባ። ኮሪደሩ የመኪና ሰሌዳ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል።

"ያ ለጀርባህ ብሎ መንግሥት የላከልኝ አልጋ አይሆንም!" አለ።

ዶሪን ከቢሮዋ ብቅ አለች። "ራስጌው በሞተር የሚነሣው? ተበላሸ እንዴ?"

"ይሠራል።"

"ጀርባህን አልተስማማውም?"

"ተስማምቶታል። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ጠባብ ነው" አለ ሬይኖ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማው። "ለአንድ ሰው ነው የሠሩት። ማርሊስ አትገባበትም። ቅሬታዬን ጻፊልኝ።"