ጋሼ ጡረታቸውን የመረጡ ቀን

የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት የጀመርኩት ትንሿ ልጄ ኪንደርጋርተን የገባች ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዴንቨር አጠገብ ሌክውድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። አውቶቡሱን የወደድኩት ከልጆቼ ጋር ወጥቼ ከልጆቼ ጋር ስለምገባ እንጂ ጡረታ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ደሞዜን ሳይ ግን ደነገጥኩ። አውሮራ ባለው የአውቶቡስ ግቢያችን ከእኔ ሌላ አንድ ሐበሻ ብቻ ነበሩ፤ ጠና ያሉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የነዱ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። በጠዋቱና በከሰዓቱ ዙር መካከል ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ሄጄ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው የተቆረጠብኝ?»

«የራስሽው ነው። የጡረታ መዋጮ ነው» አሉኝ። «እኛ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የመንግሥቱ ጡረታ፣ አይቆረጥብንም። በሱ ፈንታ ያለን ይሄ ብቻ ነው። እንዳትነኪው።»

የሚነካው ሰው ግን ብዙ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ያዋጣውን አውጥቶ መሄድ ይችላል። እኩያዬ የሆነ አንድ ሾፌር ጠቅላላውን አውጥቶ፣ ታክሱንና ያለጊዜው የማውጣት ቅጣቱን ከፍሎ፣ በተረፈው ለጭነት ትራክ ቅድመ ክፍያ ከፈለ። ሁላችንም ተሳስቷል አልን፤ ትራኩ ግን እስካሁን ያበላዋል። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ባሌም ይውጣ ከሚሉት ወገን ነበር። «እቁብ ብንጥለው ቢያንስ ዕጣው ሲደርስ በዓይናችን እናየዋለን» ይለኝ ነበር። ጋሼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ ጋዜጣቸውን ገለጥ ያደርጋሉ።

እሳቸው ራሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝ። ዴንቨር ዳውንታውን ካለው የጡረታ ቢሮ ቀጠሮ ይዘዋል። እንግሊዝኛቸው ለመንገዱም ለልጆቹም ይበቃል፤ ለዚህ ግን አስተርጓሚ ፈለጉ።

«ቴክሳስ ያለው ልጅዎ በስልክ ቢያስተረጉምልዎስ?» አልኳቸው።

«ከልጄ ጋር ስለ ሞቴ አላወራም» አሉ።

ቀጠሮው ቀን ግሌንዴል ካለው አፓርታማቸው እሳቸውንና ባለቤታቸውን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጆች በቤታቸው ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው። በራሳቸው ስም የተጠራቀመ ምንም ጡረታ የላቸውም። መንገዱን ሙሉ ጋሼ የእኔን አነዳድ ሲያርሙ እትዬ ከኋላ ሆነው መስኮቱን ያዩ ነበር።

ቢሮ የተቀበለችን ሠራተኛ ወጣት ነች፤ ረጋ ብላ ነበር የምትናገረው። ምርጫው ሦስት ነው አለች። በመጀመሪያው በየወሩ ትልቁን አበል ያገኛሉ፤ እርስዎ ሲሞቱ ያበቃል። በሁለተኛው አበሉ ትንሽ ያንሳል፤ ሲሞቱ ግማሹ ለሚስትዎ ይቀጥላል። በሦስተኛው ከሁሉም ያነሰ ይከፈልዎታል፤ ሲሞቱ ግን ሚስትዎ ያንኑ ሳይቀነስ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ይወስዳሉ። አንዴ ክፍያ ከተጀመረ ምርጫውን መለወጥ የለም።

እኔ ለማስተርጎም ተቸገርኩ። ጋሼን ፊት ለፊት እያየሁ «ሲሞቱ» ማለት አቃተኝ። «አይበለውና፣ ክፉ አያሰማንና፣ ድንገት አንድ ነገር ቢሆን…» እያልኩ አዞርኩት። ሠራተኛዋ አጭሯ ዓረፍተ ነገሯ ይህን ያህል ስትረዝም እየገረማት ታየኝ ነበር።

«የመጀመሪያው ይሁን» አሉ ጋሼ ወዲያው። «ትልቁ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። እሱ ሲሞት በመጀመሪያው እኔ ምን አገኛለሁ?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«እኔ ምን ሆንኩና ነው?» አሉ ጋሼ። «ብሞትስ ልጆችሽ አሉ አይደል!»

«ልጆቼ የየራሳቸው የቤት ዕዳ አለባቸው። የልጅ እጅ ጠባቂ አልሆንም። ደግሞ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለህ።»

«ይኸው ማሟረት ጀመርሽ!»

«ማሟረት አይደለም። በሌሊት ተነስቼ ምሳህን እየቋጠርኩ ነው የነዳኸው። በዚህ ገንዘብ እኔም አለሁበት።»

ጋሼ ተነስተው ኮሪደር ወጡ። እትዬም ተከተሏቸው። ሠራተኛዋ ተጣልተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ በእኛ ቋንቋ ይህን ነገር መናገር ይከብዳል አልኳት። በመስታወቱ በኩል አየኋቸው፤ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እትዬ ከጋሼ ኮት ላይ ክር እየነቀሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

ተመልሰው ሲገቡ ጋሼ ሳይቀመጡ «ሦስተኛው» አሉ። «ሳይቀነስ ለሷ እንዲደርሳት።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ገና ሳልሞት ትወርሰኝ ጀመር» ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ።

ትምህርት ሲዘጋ ጋሼ ጡረታ ወጡ። ግቢ ውስጥ ኬክ ቆረስንላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ብዙ ጊዜ እዚሁ ዴንቨር ባለው ሴንትራል ፓርክ ሲንሸራሸሩ አገኛቸው ነበር፤ እሳቸው ፊት ፊት፣ እትዬ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብለው።

በሁለተኛው ክረምት እትዬ ታመሙ። መጀመሪያ የጨጓራ ነው ተባለ፤ አልነበረም። በረዶው ሳይቀልጥ ቀበርናቸው። ቢሮው የሄድን ቀን ስለ ሞት ያን ያህል ስንነጋገር እትዬ ሊቀድሙ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሠራተኛዋም ብትሆን ስለዚያ ብታነሳ እንኳ እኛ አልሰማናትም።

ሞታቸውን ለማሳወቅ ጋሼን ይዤ እዚያው ቢሮ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ የተቀበለን ሌላ ሰው ነው። ሐዘኑን ገልጾ፣ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ አበላቸው እንደሚጨምር ነገረን።

«ጨመሩልኝ?» አሉ ጋሼ። «ለምን?»

«እትዬ ከቀደሙ ለሳቸው ተብሎ የተቀነሰው ወደ እርስዎ ይመለሳል ማለት ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንደ ድሮው ይሁን በይው። እንዲቀር ማድረግ አይቻልም?»

ጠየቅኩት። ሰውየው በትክክል የሰማኝ አልመሰለውም፤ ደግሞ አስደገመኝ። አይቻልም አለ።

ጋሼ በጭማሪው የእትዬን ሙት ዓመት አወጡበት። ከዚያ የትኬት መግዣ አደረጉት። እትዬ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት «ቴክሳስ ውሰደኝ» እያሉ ሲወተውቷቸው፣ እሳቸው አውሮፕላን ፈርተው ሲያዘገዩ ኖረዋል። አሁን በየሁለት ወሩ ይሄዳሉ፤ እየፈሩ።

በዚያ ሰሞን እኔና ባሌ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን። እሱ የራሱን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጡረታ የሚያዋጣለት አሠሪ የለውም። «እኔ ብቀድምህ በምን ትኖራለህ?» አልኩት፤ አይበለውና ሳልል። ሊቆጣ አለና ተወው። በማግስቱ ከደሞዜ ላይ በፈቃዴ ተጨማሪ እንዲቆረጥ አመለከትኩ፤ እሱም ባንክ ሄዶ የጡረታ ሂሳብ ከፈተ። እቁቡን ግን አልተወም፣ እኔም ተው አላልኩትም።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸውን ሳወርድላቸው ለልጅ ልጃቸው የገዙትን ጫማ አውጥተው ቁጥሩ ይበቃው እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጁን ካየሁት ቆይቷል፤ አላውቅም አልኳቸው።

«ካልበቃው በሚቀጥለው ስሄድ ቀይሬ እወስድለታለሁ» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።