ከወረዳችን የማትበልጥ አገር

አሕመድኑር ዕድሜውን ከብት ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ከወግዲ በሬ ገዝቶ መካነ ሰላም ቤቱ ያሳድርና አጅባር ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ከብት በአይሱዙ መጫን ከመለመዱ በፊት ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነው የነዳው። አገር የሚለካውም በገደል ነበር። ማዶ ያለው መንደር ቆርቆሮው እየታየ፣ የሰው ጥሪ እየተሰማ፣ ወንዝ ወርዶ አቀበቱን ወጥቶ እዚያ ለመድረስ ቀኑ እንደሚያልቅ ያውቃል። ርቀት የሚያስፈራው ሰው አልነበረም። ልጁ ፊርደውስ ወደ ባሕሬን ልትሄድ መሆኑን ስትነግረው ግን ፈራ።

ፊርደውስ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ትምህርቱ አልገፋላትም፤ አብረዋት ያደጉት ሴቶችም አብዛኞቹ ዐረብ አገር ገብተዋል። አባቷ አልከለከላትም፤ ለመከልከል ሌላ የሚሰጣት ነገር ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ባሕሬን የሚባለውን አገር እሱም ሆነ ሚስቱ ጠይባ ሰምተውት ስለማያውቁ ፊርደውስን ጂኦግራፊ ያስተማራትን መምህር አለኸኝን ፈልጎ ጠየቀው።

መምህሩ አትላሱን አውጥቶ አሳየው። አገሪቱ ባሕር ላይ የተጣለች ነጥብ ነበረች።

«አብሽሩ፣ ጋሽ አሕመድኑር» አለው። «ከኛ ወረዳ ብዙም አትበልጥም። ኢትዮጵያን በእሷ ልክ ቢቆራርጧት ከሺህ በላይ ባሕሬን ይወጣታል።»

አሕመድኑር ተራራዋን ጠየቀ። ተራራ የላትም፤ ከፍ ያለ የሚባለው ቦታዋ እዚህ ቢሆን ኮረብታ ተብሎ ስም አይወጣለትም አለው። ወንዝም የላትም። ሜዳ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ዙሪያው ባሕር ነው፤ ከጫፍ ጫፍ በመኪና አንድ ሰዓት ቢነዱ ያልቃል።

ይህ ነገር አሕመድኑርን ደስ አሰኘው። ቤቱ ገብቶ ለጠይባ እንደዚህ ባለ አገር ሰው ሊጠፋ እንደማይችል ነገራት። የሚደበቅበት ቆላ የለ፣ የሚያግድ ወንዝ የለ። ጠይባም አመነችው። ፊርደውስ በሄደችበት ሰሞን ጎረቤት እየመጣ አብሽሩ ሲላቸው እሱ መልሶ ስለ አገሪቱ ትንሽነት ያስረዳ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። የምትሠራበትን ከተማ ሪፋዕ ይሉታል፤ ሥራው ብዙ ነው፤ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ቀጥሎ ስልኳ በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ ጨርሶ ቀረ። የላካት ኤጀንሲ ቢሮው ደሴ ነበር፤ አሕመድኑር ሄዶ ሲጠይቅ የሁለት ዓመት ውሏ ስላለቀ እነሱን እንደማይመለከት ነገሩት።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በአንድ ወረዳ የሚኖር ሰው እርስ በርሱ እንደሚተዋወቅ ሁሉ ባሕሬን የነበሩ ሰዎችም ልጁን የግድ ያውቋታል ብሎ አሰበ። በየገበያው ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ባየ ቁጥር የነበረችበትን አገር ይጠይቃል። ሳዑዲ ነበርኩ፣ ኩዌት ነበርኩ፣ ቤሩት ነበርኩ ትለዋለች። አላህ ያግዝሽ ብሎ ያልፋል። በሬ ሊገዛ ወጥቶ በሬውን ረስቶ የሚመለስበት ቀን በዛ።

በመጨረሻ ወግዲ ላይ መሰረት የምትባል ልጅ አገኘ። ባሕሬን ነበረች፤ ያውም ሪፋዕ። ፊርደውስን ሲገልጽላት ገና ሳይጨርስ አወቀቻት። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቤቶች ነበር የሠሩት። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ትንሽ አገር ሰው አይደብቅም። አሕመድኑር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የምታውቀውን ሁሉ እንድትነግረው ለመናት።

መሰረት እንደነገረችው የሚገናኙት ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ብቻ ነበር። በቆሙበት ሁለት ሦስት ቃል ይነጋገራሉ፤ ፊርደውስ የእናቷን ነገር ታነሳለች። አንድ ጧት ግን የነፊርደውስ ቤት ተዘግቶ ቀረ።

«ወዴት ሄዱ?» አላት።

«ሳዑዲ ገቡ ነው የተባለው፣ አባባ። እዚያ ባሕሩ ላይ ድልድይ አለ። በመኪና ይሻገሩታል። አሠሪዋ ሥራው እዚያ ሆነ፤ እሷንም ይዘዋት ሄዱ።»

«እሷ ወዳ?»

መሰረት አንገቷን ደፋች። «ፓስፖርታችን እኮ በእነሱ እጅ ነው» አለችው።

መካነ ሰላም እንደተመለሰ ቤቱ ሳይገባ ወደ መምህር አለኸኝ ሄደ። አትላሱን አልፈለገም፤ ሳዑዲ ምን ያህል እንደምትሆን ብቻ ጠየቀ። መምህሩ ነገሩን ሲሰማ ለመናገር አመነታ። በኋላ ግን ዋሽቶ ሊያጽናናው ስላልፈለገ የኢትዮጵያን እጥፍ ልትሆን ጥቂት እንደሚቀራት፣ አብዛኛው መሬቷም ሰው የማይኖርበት በረሃ እንደሆነ ነገረው። አሕመድኑር አመስግኖት ወጣ። ለጠይባ ይህን ሳይነግራት ብዙ ሰነበተ።

ወሬው የመጣው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ደዋዩ ሙሐሲን የሚባል፣ ሳዑዲ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የሚያጸዳ የወሎ ልጅ ነበር። የሞተች ልጅ ስም ይዞ ቤተሰቧን በሰው በሰው ሲያፈላልግ ከርሟል። ፊርደውስ ታማ እንደመጣች፣ ዘግይተው እንዳመጧት፣ በአማርኛ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ እንዳለችው፣ ሙስሊም ስለሆነች ከተማው ዳር እዚያው እንደቀበሯት ነገረው። ምን እንደታመመች አያውቅም። አሕመድኑር ለእናቷ የላከችው ቃል ካለ ጠየቀው።

«ወላሂ፣ ጋሼ፣ ብዙ መናገር አትችልም ነበር» አለ ሙሐሲን።

መስጊድ ውስጥ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደላት። አሕመድኑር በረት ውስጥ የቀሩትን በሬዎች አርዶ ሰደቃ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ንግዱ አልተመለሰም። መቃብሯ የት ነው ሲሉት የከተማውን ስም መያዝ ስላቃተው ሳዑዲ ብቻ ይላል።

ጠይባ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ጥቁርም አልለበሰችም። ያላጠብኳትንና ያልገነዝኳትን ልጅ ሞተች አልልም ብላ ቆረጠች። ከሳዑዲ የተባረሩ ልጆች መጡ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ትወርድና ከአውቶቡስ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ለፊት እየቆመች ታያለች። ልጆቹ ደክሟቸው፣ አንዳንዶቹም ነጠላ እንኳ ሳይኖራቸው ይወርዳሉ። ጠይባ ስለ ፊርደውስ ስትጠይቃቸው አገሩ ሰፊ መሆኑን ነግረዋት ያልፋሉ። አሕመድኑር አትሂጂ ብሏት አያውቅም፤ አብሯትም ሄዶ አያውቅም።