ፈረሰኛ የሌላት ዶሮ

ልጄ አንቱ ትለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የገዛ ልጄ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ከጅቡቲ መንገድ ገብቼ የአዳማውን ቤታችንን በር ስከፍት፣ እጇን አጣምራ ቆማ «እንኳን ደህና ገቡ አባዬ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። እናቷን አንቺ ትላለች። የጎረቤታችንን ጎረምሳ አንተ ትላለች። ድመቷን ሳይቀር ስትሳደብ ሰምቻለሁ። እኔ ስመጣ ብቻ ድምጿ ይቀጥናል፣ ዐይኗ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቶቻችን «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ! አሳዳጊዋ ይባረክ» ይሉኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ፤ ደርሼ ስመለስ ሁለት ሳምንት፣ ወረፋው ከከፋ ደግሞ ወር። ባለቤቴ መምህርት ናት። ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራዋ ስትመለስ እናቷ ከአቦምሳ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። አማቴ ባደጉበት ደንብ አማችን አንተ ማለት ነውር ነው። ስመጣ «ገቡ? ደከመዎት? ውሃ ይምጣልዎት?» ይሉኛል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከእሳቸው ጋር ነው፤ የእሳቸውን አፍ ይዛ አደገች። እናቷ አንተ ስትለኝ መስማቷ አልጠቀመኝም፤ ሚስት የፈለገችውን ትላለች ብላ ሳታልፈው አልቀረችም።

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ሰው ልጄ ጨዋ ሆነችብኝ ብሎ ይናደዳል?»

«ለእናትሽ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? አማችሽን አታክብሪ ብዬ? ራስህ ንገራቸው።»

ራሴ መንገር አልቻልኩም። እኔ በሌለሁበት ልጄን አጥበው፣ አብልተው፣ ጸጉሯን ሠርተው የሚያሳድጉልኝን ሴትዮ ምን ብዬ ልናገራቸው? አክብረውኛል ብዬ ልክሰሳቸው? አፋር በረሃ ላይ ብቻዬን ስነዳ ግን «ይቀመጡ አባዬ» የሚለው ድምፅ ይመጣብኝና መሪውን በቡጢ እመታዋለሁ።

ከሁሉ የሚብስብኝ ምሳው ነው። እኔ የመጣሁ እሁድ ዶሮ ይሠራል። አማቴ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት ያወጧታል፤ እጃቸው አይሳሳትም። ፈረሰኛው የእኔ ነው። በሌላው ቤት ፈረሰኛ የአባወራ ድርሻ ነው፣ አባወራውም ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላዋል። እኔ ግን ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጄ በሁለት እጇ ማስታጠቢያውን ተሸክማ ትመጣና «ይታጠቡ» ትለኛለች። ውሃው እጄ ላይ ሲወርድ እንግዳ መሆኔ ይገባኛል። ፈረሰኛውም የእንግዳ ፈረሰኛ ነው። ወጡ እንዴት እንደሚጣፍጥ አልናገርም፤ ግን አንድም ቀን በደስታ ውጬው አላውቅም።

ስለዚህ ያን እሁድ ወሰንኩ። ምሳውን እኔ እሠራለሁ። እንግዳ ማጀት ገብቶ ምግብ አይሠራም፤ ስለዚህ እንግዳ አይደለሁም ማለት ነው። ዶሮዋም ሙሉዋን ትጠበሳለች፤ ድሮ የናዝሬት ምግብ ቤቶች አሮስቶ የሚሏት ዓይነት። ብልት ካልወጣች ፈረሰኛም የለም። ምክንያትም አላጣሁም። ሐኪም የአማቴን የደም ግፊት አይቶ ጨውና ቅባት ይቀንሱ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ያለ ቅቤ ወጥ መሥራት ከበደብኝ እያሉ ሐኪሙን ረስተውታል። እኔ ዘይት ጠብ የማደርግባት፣ ድንችና ካሮት የከበባት፣ ጤነኛ ምሳ አቀርብላቸዋለሁ።

ማልጄ ወጥቼ የፈረንጅ ዶሮ ገዛሁ። የሐበሻዋ ሳትበስል እንደሚመሽብኝ አውቃለሁ። በሩ ጥግ አረድኳት፣ በፈላ ውሃ ነጨኋት፣ በነበልባል ለበለብኳት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ስልኬን ከኪሴ እያወጣሁ አያለሁ። የጭነቱን ሰነድ የሚያስጨርስልኝ፣ ሞጆ ያለው ትራንዚተር «ሰነዱ ካለቀ እሁድም ቢሆን እደውልልሃለሁ» ብሎኛል። ከመንገድ ስገባ ሁለት ቀን ያህል ሰውነቴ ከመኪናው አይወርድም፤ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል፣ ዐይኔ መስታወት ይፈልጋል። እዚያ ስሆን ቤቴ ይናፍቀኛል። ቤቴ ስገባ ደግሞ የምቀመጥበት ቦታ ይጠፋኛል።

አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማጀት ውስጥ ሽርጥ ታጥቄ አገኙኝ።

«ኧረ ምን ሆነው ነው? ሰው ምን ይለናል? እኔ ሞቻለሁ?»

«ዛሬ እርስዎ ይረፉ እማማ። ምሳው የኔ ነው።» ልጄ እማማ ስለምትላቸው እኔም እንደሷ እላቸዋለሁ።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ ዶሮዋን ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ቆዳዋን ሳይገፍፏት?»

«ቆዳዋ ነው የሚጣፍጠው።»

«ብልትም አያወጡላት?»

«ሙሉዋን ነው።»

«ታዲያ ፈረሰኛው የቱ ጋ ሊገኝ ነው?»

«ዛሬ ፈረሰኛ የለም።»

«ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ። ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ማጠቡን ለእሳቸው እንድተው። ተውኩላቸው። በሎሚና በጨው፣ እንደገና በሎሚ፣ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ አጠቧት። ለእኔ ሲመልሱልኝ በሁለት እጃቸው ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብለው።

የስቶቩ ኦቨን ከተገዛ ጀምሮ የድስት ማስቀመጫ ነው። ድስቶቹን አውጥቼ መሬት ደረደርኩ። የዶሮዋን ሆድ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ሞላሁት፣ ቁንዶ በርበሬ ነሰነስኩ፣ የጥብስ ቅጠል ከቆዳዋ ሥር ሰካሁ፣ እግሯን በክር አሰርኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች።

«አባዬ፣ ሳይቆራርጧት ነው የሚያበስሏት?»

«አዎ የኔ ቆንጆ። ነይ ግቢ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ አመሰግናለሁ» አለች። አመሰግናለሁ! የማላውቀው መሥሪያ ቤት የሄድኩ መሰለኝ።

ዶሮዋ ገብታ ሽታዋ ማጀቱን መሙላት ሲጀምር መብራት ሄደ። ኦቨኑ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ቆሜ ጠበቅሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ የቆጣሪውን ሳጥን ከፍቼ ዘጋሁ። አማቴ የወጥ ድስታቸውን ከመሬት አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ አየሁ። እሱ ደሜን አፈላው። እጅ አልሰጥም አልኩ።

ወደብ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ አዛውንት ሹፌር ያስተማሩኝ መላ ነበር። ዶሮዋን ብረት ድስት ውስጥ ትከታለህ፣ ከታች ከሰል፣ ክዳኑም ላይ ከሰል። ግቢው መሃል ሁለት ምድጃ ከሰል አቀጣጠልኩ፤ አንዱ ለታች፣ አንዱ ለላይ። ዶሮዋን ከድንቹና ከካሮቱ ጋር ድስቱ ውስጥ ከትቼ ጣድኳት። ልጄ በርጩማዋን ይዛ መጣችና ከእሳቱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ደስ አለኝ። ለካ ልትጠይቀኝ ኖሯል።

«አባዬ፣ መቼ ነው የሚሄዱት?»

በክፋት አይደለም። እንግዳ መቼ እንደሚሄድ ማወቅ ደግ ነው፤ ብርድ ልብሱ ይታጠፋል፣ ሶፋው ይለቀቃል። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

ትራንዚተሩ ነው። ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሰነዱ አልቋል። ከሰዓት መጥቼ ካልጫንኩ ለሌላ መኪና ይሰጠዋል። «ዛሬማ እሁድ ነው» እላለሁ፣ «መርከቡ እሁድ አያውቅም» ይለኛል። አንድ ባጃጅ ሰው አወረደ፣ ሌላ ጫነ። እየተንጎራደድኩ ስከራከር ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አባዬ! ና!»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ና! ቶሎ ና! እየተቃጠለች ነው!»

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ልጄ ና አለችኝ። ይምጡ አላለችም። ለሦስተኛ ጊዜ እስክትደግመው ጆሮዬን ጥዬ ቆሜ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር የዶሮዋ አንድ ጎን ከሰል የሆነው በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ ሮጬ ገባሁ። ከድስቱ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ልጄ በርጩማዋ ላይ ቆማ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ በጣቷ እየጠቆመችኝ ትጮሃለች።

«የት ሄድክ? ትተሃት የት ሄድክ? ሁልጊዜ ስልክ! ሁልጊዜ ትሄዳለህ!»

ክዳኑን በእጄ አነሳሁት፤ ጣቴ ተቃጠለ፣ ግድ አልሰጠኝም። እንደዚያ ስትቆጣኝ ልስማት ፈልጌ ነበር። ግን አማቴ ከበሩ ብቅ አሉ።

«አንቺ! አባትሽን ነው እንደዚህ የምትይ? ነውር አይደለም?»

ልጄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከበርጩማው ወረደች። ዐይኗ መሬት ወረደ፣ እጇ ተጣመረ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ተመለሰ። «ይቅርታ አባዬ። ዶሮዋ ተቃጠለችብዎት።»

«ይተዉአት!» ብዬ ጮህኩ። አማቴ ላይ ጮህኩ። በሰባት ዓመት ትዳሬ ውስጥ ከፍ ባለ ድምፅ አነጋግሬያቸው የማላውቃቸው ሴት ላይ። «ይተዉአት እማማ! አንተ ትበለኝ! ትስደበኝ! በገዛ ቤቴ እኮ እንግዳ ሆንኩ!»

ባለቤቴ ፈተና የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ እንደያዘች መስኮቱ ላይ ቆማለች። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ገቡ። ስልኩ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ሰውዬው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። «ነገ ጠዋት» አልኩትና ዘጋሁት። ጭነቱ ይቆይልኝ አይቆይልኝ አላውቅም ነበር። ስለ ጭነቱ አላሰብኩም፤ ያስጨነቀኝ አማቴ ላይ መጮኼ ነበር።

ምሳው ቀረበ። ዶሮዋ ትሪው መሃል ሙሉዋን ተቀመጠች፤ አንድ ጎኗ የወርቅ መልክ ያለው፣ አንድ ጎኗ እንደ ጎማ የጠቆረ። ድንቹና ካሮቱ ድነዋል። ማስታጠቢያውን ማንም አላመጣውም፤ ሁላችንም በየተራ ቧንቧው ላይ ታጠብን። ከዚያ ዙሪያዋን ተቀመጥንና አየናት። ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ የለም። ብልት ያልወጣላት ዶሮ የማን ምን እንደሆነ አትናገርም። በመጨረሻ ቦጨቅኩና ነጩን ሥጋ አማቴ ፊት፣ እግሯን ልጄ ፊት አደረግሁ። ባለቤቴ ራሷ አነሳች። እኔ አልነካሁም። ተነስቼ ልውጣ፣ መኪናውን ልየው፣ ጎማውን ልፈትሽ፣ ብቻ እዚያ አልሁን።

«ብላ።»

መጀመሪያ ለማን እንደተባለ አልገባኝም። የአማቴ ድምፅ ነው። ለልጅቷ ቢሆን ብዪ ነበር የሚሉት። ከእኔ በቀር ደግሞ በቤቱ ወንድ የለም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዐይናቸውን ትሪው ላይ ተክለዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ይመታል።

«ብላ እንጂ ልጄ» አሉ፣ እንደ ከባድ ነገር እያነሱ። «ቀዘቀዘብህ እኮ።»

ባለቤቴ እጇ አፏ አጠገብ ቀረ። ልጄ አያቷን አየች። እኔን አየች። እንደገና አያቷን አየች፣ ቁጣ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አማቴ በትንሹ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ያኔ ልጄ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች፣ በጠቆረው ጎን ያለውን ክንፍ ታግላ ነቀለችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አንተ ነህ ያቃጠልካት» አለችኝ። «አንተ ብላት።»

ክንፏ ከሰል ሆና ነበር። ከአጥንቷ በቀር ምንም አላስተረፍኩም።