ከፈንታሌ ያመጣናቸው ድንጋዮች

ከሰበታ የተነሣነው የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ዓርብ ከሰዓት ነው። በማስተር ፕላኑ ረብሻ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ስለነበር የንስሐ አባቴ፣ «ሂጂ፤ ግን ስትመለሺ ሳይመሽ ግቢ» ብለውኛል። ጎጃም ላለችው እናቴ አልነገርኳትም፤ ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ወደ ፈንታሌ ተራራ የምንሄደው ለተማሪዎቼ ብለን ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምራቸው እሳተ ገሞራን የሚያውቁት በሥዕል ነው፤ በእጃቸው የሚዳብሱት ድንጋይ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ። ኬሚስትሪ የምታስተምረው ጫልቱ አብራኝ መጣች። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም።

ቅዳሜ፣ ፈንታሌ

መተሐራ አድረን ማለዳ በእግር ጀመርን። የሚመሩን ኦቦ ሮባ የሚባሉ የከረዩ ሽማግሌ ናቸው። ከተራራው ሥር ቀልጦ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ዐለት ተገለባብጦ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ ሣር እንኳ ገና አልደፈረውም። ከፍ ስንል ገደሉ ላይ ነጣ ያለ አመድ፣ በላዩ ጥቁር ዐለት፣ እንደገና አመድ ተነባብሯል። ተራራው በየዘመኑ የተፋው ነው። ባልጩት ለቀምን፤ አረፋው እንደወጣ የደረቀ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ቀላል ድንጋይም አገኘን።

ከአንድ ስንጥቅ ትኩስ እንፋሎት ሲወጣ አማተብኩ።

«አይፈሩም?» ብዬ በጫልቱ በኩል ጠየቅኳቸው።

«ሲተነፍስ አጠገቡ ከብት እናሰማራለን፤ የሚያስፈራን ትንፋሹ ሲጠፋ ነው» አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን ግን ጫልቱ መተርጎም ትታ ትስቃለች።

«ምን አሉ?»

«‹ሴትዮዋ አገሯ ድንጋይ የለም እንዴ?› አሉ።»

እሑድ፣ ሰበታ መግቢያ

መተሐራ አስቀድሰን ተመለስን። ሰበታ መግቢያ ላይ አስፋልቱ በተቃጠለ ጎማ ጠቁሯል፤ መንገድ የተዘጋበት ድንጋይ ዳር ዳሩን ተገፍቷል። ፖሊሶች ሚኒባሳችንን አስቆሙ። አንዱ ከጫልቱ እግር ሥር ድንጋዮቹን የሞላንበትን የማዳበሪያ ከረጢት ጎተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ» አለች።

«ድንጋይ መሆኑንማ አየሁ! ለምንድን ነው?»

ላግዛት ብዬ፣ «ለተማሪዎች ነው» አልኩት።

ድንጋይ የሚወረውሩት ተማሪዎች ናቸው በሚባልበት ሰሞን ይህን ማለቴ!

«ውረጂ!» አለ። እኔን አይደለም፣ ጫልቱን። መታወቂያዋን ተቀብሎ ወደ ቆመው ፒካፕ አመለከታት። ማርያም ድረሽ እያልኩ ቀላሉን ድንጋይ ይዤ ወረድኩና ከፊት ወንበር ጀሪካን የያዙትን አሮጊት ውሃ ለመንኳቸው።

«ጠበል ነው» አሉኝ።

እጄ አመነታ።

«የሰው ልጅ ልትታሰር ነው፤ ቅጂ!» ብለው ጣሳ አቀበሉኝ።

ቀድቼ ድንጋዩን ጣልኩት፤ ተንሳፈፈ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ወደ ታች ገፋው፤ ተመልሶ ብቅ አለ።

«ይሄማ የእግር መፈግፈጊያ ነው!»

«ታዲያ ልጄ፣ በዚህ ማን ይፈነከታል?» አሉ አሮጊቷ።

ሳቀ። ከባዶቹን ድንጋዮች አስቀርቶ መታወቂያዋን መለሰላት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁሉም በአንዴ መተንፈስ፣ መሳቅ፣ ማውራት ጀመረ። ጫልቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «እትዬ፣ ሁለተኛ ሲጠይቁሽ ለእግሬ ነው በይ!» አለችኝ።

ሳይመሽ ገባን፤ ለእናቴም ደወልኩላት። በጸሎቴ ሁሉ የፈራሁት ተራራውን ነበር፤ ቤቴ ደጃፍ ስለሚጠብቀኝ ነገር አላሰብኩም። ለካስ እውነት የሆነ ቃልም ሰው ሊያሳስር ይችላል። በረብሻው ተዘግቶ የሰነበተው ትምህርት ቤት ሲከፈት ድንጋዩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣልኩላቸው፤ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ባልዲውን የያዘችልኝ ጫልቱ ናት።