ለግድግዳው የተባለ ይቅርታ

ውሻው ሱዙ ቤት ውስጥ ሲሆን የሚያስቸግረው ትእዛዝ የለም። ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል፤ ቆይ ሲሉት የተጠበሰ ዓሣ አፍንጫው ሥር ቢያስቀምጡለት እንኳ ይቆያል። አገጩን ሕመምተኛ ጭን ላይ አሳርፎ ጸጥ ማለትን ዮሺኖ ያስተማረችው ወንበር ላይ ትራስ ደራርባ፣ የባሏን የድሮ የሥራ ካፖርት አልብሳ ነው። ውሻው ካፖርቱን አንዴ አሽትቶ አገጩን ጣል ያደርግበታል። እስክትጠራው ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በታካኦካ ከተማ የሰፈር አዳራሽ፣ ሕሙማን ጠያቂ ውሾች በሚሠለጥኑበት፣ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን ያ ሁሉ ትምህርት ይጠፋል። ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል፤ እንደ ቀለበት የተጠቀለለው ጅራቱ ተዘርግቶ በእግሮቹ መካከል ይገባል፤ ሆዱ ወለሉን ይነካል።

ያን ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። የሕመምተኛውን ቦታ ይዞ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጡረተኛው የፖስታ አመላላሽ ጋሽ ሴኪ ነበር። የራሱ ውሻ፣ ሾጉን የሚባል ፊተ ጠፍጣፋ ድንቡሼ፣ ከወንበሩ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ሴኪ፤ ላስቸግርዎ ነው» አለች ዮሺኖ ከወገቧ ጎንበስ ብላ። ሱዙ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ።

«ምነው እኔን ሲያይ? በፖስታ ዘመኔ የነከሱኝ ውሾች ዘመድ ነው እንዴ?» አለ ሴኪ።

«ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ። ነውረኛ ውሻ ነው» አለችና ከበፊቱ ዝቅ ብላ ጎነበሰች። ውሻውም ከበፊቱ ዝቅ አለ።

አሰልጣኟ ሚዋ በወጣትነት ዕድሜ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አጠገባቸው መጥታ ውሻውን ለጥቂት ጊዜ አየችው።

«እትዬ ዮሺኖ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሱዙ ፈሪ ይመስለኛል። ፈሪ ውሻ ወደ አረጋውያን መጦሪያው አይገባም፤ ሕጉ ነው። ለራሱም መከራ ነው። በረዶ ሳይጥል ግምገማ አለ፤ እንዲህ ከሆነ ግን ባናስመዘግበው ይሻላል።»

ዮሺኖ ሱዙን እዚህ ያመጣችው ከሌሎቹ ባለ ውሾች ጋር ሆና የማታውቃቸውን ሕሙማን ልትጠይቅ ብላ አይደለም። ባሏ ኢዋኦ ስትሮክ መትቶት ኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ከተኛ ሁለተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው። ቃል አይወጣውም። የሚወጣው ጩኸት ብቻ ነው፤ እሷ ስትመጣ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሱዙ የእሱ ውሻ ነው። ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ጓሮ ቡችላ ሆኖ አንስቶ ያመጣው፣ ሱዙ፣ ማለትም «ቃጭል»፣ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። በመጦሪያው ደጅ አልፎ የሚገባው ግን ግምገማ ያለፈ ጠያቂ ውሻ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ቢሉ፣ ኢዋኦ የሚቀጥለውን ዓመት ስለማየቱ ማን ያውቃል? ውሻውን ካየ ፊቱን ከግድግዳው ይመልስ ይሆናል፤ ተስፋዋ ይኸው ነበር።

«እስቲ ገመዱን ለኔ ስጪኝ» አለ ሴኪ ከወንበሩ እየተነሳ። «መምህርት፣ አንቺ በኔ ቦታ ታመሚ።»

ሚዋ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ሴኪ ሱዙን ይዞ፣ ስለ ሾጉን ማንኮራፋት እያጉረመረመ አዳራሹን አቋረጠ። የሱዙ ጅራት እንደገና ተጠቀለለ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ አገጩን የአሰልጣኟ ጭን ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። አንዷ ሰልጣኝ እንደ ልምምዱ የብረት ሳህን ከኋላው ወለሉ ላይ ጣለች፤ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ዮሺኖ ከጥግ ሆና አየች። መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ግን ገመድ ያልያዘውን እጇን አየች።

ሚዋ እጇን የሱዙ ራስ ላይ እንዳደረገች ትንሽ አሰበች። «እትዬ ዮሺኖ፣ ወደዚያኛው ግድግዳ ይዙሩልኝ። ውሻውን አይዩት። አሁን፣ ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ ይቅርታ ይበሉ።»

«ለማን?»

«ለግድግዳው።»

«ግድግዳውን ደግሞ ምን አድርገሽው ነው?» ብሎ ሴኪ ሳቀ።

ዮሺኖ ቀለሙ የተላላጠውን ግድግዳ እያየች እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ጎነበሰች። «አስቸግረናል፤ ይቅርታ።» የሴኪ ሳቅ መሐል ላይ ተቆረጠ። ስትዞር ሱዙ ወለሉ ላይ ተለጥፏል። ዓይኖቹ እሷ ላይ ናቸው።

«ሰው አይደለም የሚፈራው» አለች ሚዋ በዝግታ። «እርስዎ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ተምሯል። ማንም ሳይቆጣው፣ ማንም ሳይመታው፣ ጥሩ አድርጎ ተምሯል።»

«ይቅርታ» አለች ዮሺኖ። ሳታስበው ነው ያመለጣት። ሱዙ ዓይኑን ጨፈነ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ እንደ ልማዷ አውቶቡስ ይዛ ወደ ኮረብታው ወጣች። ጫማዋን ቀይራ ክፍሉ ስትገባ ነርሷ የኢዋኦን አንሶላ እያስተካከለች ነበር።

«ሌሊቱን ትንሽ ጮኸው ነበር» አለች ነርሷ እንደ ዋዛ።

ዮሺኖ ከአልጋው አጠገብ እንደቆመች ጎነበሰች። «ሁልጊዜ እያስቸገራችሁ ነው፤ በጣም ይቅርታ።» ቀና ስትል፣ ሱዙን ባየችበት ዓይን ባሏን አየችው። የኢዋኦ አገጭ ወደ ደረቱ ወርዷል። ከዚያ፣ በቀስታ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እስከዚያ ቀን በሽታው ነው ትል ነበር።

ኢዋኦ ዕድሜውን የጨረሰው ነሐስ ቀልጦ የቤተ መቅደስ ደወል በሚሠራበት ፋብሪካ ነው። አዲስ ደወል በተፈተነ ቁጥር ከጆሮው ጥቂት ጥቂት እየወሰደበት፣ በስተኋላ የገዛ ድምፁን ልክ የማያውቅ ሰው ሆነ። «ሻይ አምጪ» ሲል የታችኛው ፎቅ ይሰማል። በሊፍት ውስጥ፣ በባቡር ውስጥ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እሱ ሲናገር እሷ ዙሪያዋን እየተዟዟረች ትጎነበስ ነበር። ሱዙ ከመጣ በኋላ የሁለቱ ጩኸት ሲደማመር፣ በሳጥን የታሸገ የባቄላ ጣፋጭ ይዛ የየጎረቤቱን በር አንኳኳች። ሁለቱም፣ ባልም ውሻም፣ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

አንድ ምሽት ትዝ አላት። ልጃቸው በታጨች ጊዜ የሙሽራው ቤተሰብ ምግብ ቤት ጋብዟቸው፣ ኢዋኦ ደስ ብሎት አንድ ደወል ከመቅረጫው ሲወጣ ስለተሰነጠቀበት ቀን ማውራት ጀመረ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። እሷ ወደ አጠገባቸው ጠረጴዛ ዞራ «ይቅርታ» አለች፤ ወደ አማቾቹም ዞራ «ይቅርታ» አለች። እሱ የመመገቢያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። ደወሉ ምን እንደሆነ ማንም ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግብዣ ሲጠሩ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቤት እቆያለሁ» ነበር መልሱ። ሰው አይወድም ብላ ለጠያቂው ሁሉ የተናገረችውም ራሷ ናት።

አውቶቡስ ስትጠብቅ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሚሠለጥነው ሌላ ሆነ። ሚዋ ሱዙን ለግምገማው አስመዝግባ፣ ለዮሺኖ ያዘዘቻት ቀላል ነገር ነበር፤ ይቅርታ ሊወጣት ሲል ቀጥ ብላ ቆማ አመሰግናለሁ እንድትል። በአዳራሹ ውስጥ ሴኪ ሊፈትናት ሆን ብሎ እግሯን ይረግጣታል። «ይቅር...» ስትል «ያዝኳት!» እያለ ያጨበጭባል። ሱዙ ለሴኪ ጭብጨባ ጅራቱን ይቆላል፤ የእሷን ወገብ ግን ከዓይኑ አይለይም።

ከባዱ የምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ነበር። ታችኛው ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ኦኩዳ መጥረጊያዋን ይዛ ጠበቀቻት።

«እትዬ ዮሺኖ፣ ውሻሽ ትናንት ጮኸ።»

ዮሺኖ የደረጃውን ብረት ጨበጠች። «አዎ ጮኸ። ስለታገሡን አመሰግናለሁ።»

ኦኩዳ የቀረውን ጠበቀች። ሱዙም ጠበቀ። «...በቃ?»

«በቃ።»

«አይ እንግዲህ! ባልሽ ያን ሁሉ ዘመን ሲያደነቁረን እንኳ ወግ ታውቂ ነበር። በስተርጅና ኩራት መጣ?»

እግሯ ደረጃውን እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። በማግስቱ ቆሻሻ ማውጫው ጋ ሴቶቹ እሷን ሲያዩ ወሬ አቋረጡ። አልቻለችም፤ ሱቅ ሄዳ አንድ ሳጥን የባቄላ ጣፋጭ ገዛች፤ የኦኩዳ በር ፊትም ቆመች። ጣቷ ደወሉ ጋ ሲደርስ ወደ ታች አየች። ሱዙ ሳጥኑን እያየ ጆሮውን አስተኝቷል። ሳጥኑንም ያውቀዋል ለካ። ወደ ላይ ተመልሳ ጣፋጩን ብቻዋን በሻይ በላችው። ሆዷን አመማት።

የግምገማው ቀን ሰማዩ ከብዶ ነበር። ቦታው የመጦሪያው አዳራሽ ስለሆነ ሱዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ደጅ ገባ። ለፈተናው ነው፤ ካላለፈ ዳግም አይገባም። እግሩን በፎጣ ጠረገችለት። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በተሽከርካሪ ወንበሮቻቸው ክብ ሠርተው ሻይ ይዘዋል። ኢዋኦን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠውታል፤ ራሱ ዘንበል ብሏል። ከከተማው የመጣው ገምጋሚ በር አጠገብ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል።

ሱዙ ከመጀመሪያዋ አሮጊት ጀምሮ በደንብ ሄደ። አገጩን አሳረፈ፤ ጆሮውን ሲጎትቱት ታገሠ። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ኢዋኦ ቀና አለ፤ ውሻውን አየው። ከደረቱ የወጣው ድምፅ የመስኮቱን መስታወት ያርገበገበ መሰለ። ቃል የለውም፤ ረጅም ነው፤ በደወል ሆድ ውስጥ እንዳለ ይዞራል። ደህናው እጁ ሲወናጨፍ ጽዋውን መታና ሻዩ አጠገቡ ባለችው ትንሽ አሮጊት ጭን ላይ ፈሰሰ። አንድ ነርስ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ።

የዮሺኖ ወገብ መታጠፍ ጀምሯል። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ነው። ሱዙ ቀና ብሎ አያት፤ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ መሄድ ጀምረዋል። ከሱዙ አሻግራ ስታይ፣ ኢዋኦም ድምፁን ውጦ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ይጠብቃል። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው።

ጀርባዋን አቃናች።

«ባለቤቴ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ደወል ሠሪ ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው።» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «አቃጠለዎት ወይ?»

«ቀዝቅዞ ነበር» አለች አሮጊቷ ጭኗን እየጠረገች። «ውሻው የሱ ነው?»

«አዎ፣ የሱ ነው።»

ሱዙ ጥቂት ቆየ። የእሷን ወገብ አየ፤ አልታጠፈም። ጅራቱ ቀስ ብሎ ተጠቀለለ፤ አዳራሹን አቋርጦ ሄዶ አገጩን ካፖርቱ ላይ ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ ጭን ላይ አሳረፈ። ውሻው በአንድ መከር ተማረ። ኢዋኦ ግን አንገቱን እንደሰበረ ነው፤ ያልመጣውን ይቅርታ አሁንም ይጠብቃል። ነርሷ ወለሉን ጠርጋ ጨረሰች፤ ሌሎቹ ወደ ሻያቸው ተመለሱ፤ እሱ አሁንም ይጠብቃል። ዮሺኖ ያንን ቆማ አየችው።

ገምጋሚው መጥቶ ለሚዋ አንድ ነገር ነገራት። ሚዋ ፊቷ በርቶ «እትዬ ዮሺኖ፣ አለፈ!» አለች።

«አመሰግናለሁ» ብላ ዮሺኖ ጎነበሰች። የምስጋና ነበር፤ ጀርባዋ ግን ሌላ አጎነባበስ አያውቅም። ከዝቅታዋ ሆና በዓይኗ ጠርዝ የሱዙ ጆሮ ሲተኛ፣ በጭኑ ላይ የነበረው የኢዋኦ ጣት ሲኮማተር አየች።

ቀና አላለችም። እንደጎነበሰች ሄዳ ከተሽከርካሪው ወንበር እግር ሥር፣ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ከሁለቱም ዝቅ ብላ። «ውይ፣ ልብስዎ!» አለች ነርሷ፤ አልመለሰችላትም። ከዚያ ሆና የባሏን ፊት ለማየት ወደ ላይ ማየት ነበረባት። እሱም አገጩ ደረቱ ላይ እንደሆነ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ አያት።

«ያ የተሰነጠቀው ደወል» አለችው፣ ጆሮው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «ምን ሆነ መጨረሻው?»

ኢዋኦ አፉን ከፈተ።