ጉልበቱ የሳሳ ቀሚስ

እኔ ሰው አላምንም። ደባርቅ ላይ ልብስ ስሰፋ ስንት ዓመቴ፤ ደንበኛ ወገቤ ይህን ያህል ነው ብሎ ቢምልልኝ እንኳ በሜትሬ ሳልለካ መቀስ አላነሣም። ስለዚህ ባለፈው ሁዳዴ ወንድሜ ከገጠር ደውሎ እማን ትንሽ አዳልጧት ነው፣ ወለምታ ቢጤ ነው፣ አትምጪ ሲለኝ ልቤ አልተቀበለውም። ወለምታ ከሆነ ለምን አትምጪ ይለኛል? ማሽኔን ሸፍኜ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከዳባት ወዲያ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ነው የሄድሁት።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከታናሽ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። እኔና የወንድሜ ሚስት ደግሞ አንነጋገርም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን የምለው ግን ዛሬ ነው። ለገና ለእናቴ ቀሚስና ጋቢ ልኬላት፣ ጥምቀት ላይ ጋቢውን ሳትለብስ ባያት፣ ሚስቱ ለራሷ እናት ሰጥታባት ነው ብዬ ሴትዮዋን በጎረቤት ፊት አዋረድኋት። ጋቢው ከሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። እናቴ ለፋሲካ ብላ አስቀምጣው ኖሯል። ይቅርታ ግን ከአፌ አልወጣም። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ከወንድሜ ሚስት ጋር እንድታረቅ፣ ሁዳዴን በሙሉም በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት እንድሰግድ ቀኖና ሰጡኝ። ሁለት ቀን ሰገድሁና ተውሁት። እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ የፋሲካ ልብስ ሥራ በዝቶብኛል፣ ጉልበቴም አልቻለልኝ አልኋት። ግድ የለም ብላ ወሬ ለወጠች።

ስደርስ እናቴ መደቡ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ወጌሻው ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠው ቅቤ ያሞቃሉ። እግሯን ገልጬ አየሁት። ቀኙ ወደ ውጭ ዞሮ ወድቋል። ሜትሬ መቼም ከአንገቴ አይለይም፤ ከወገቧ አጥንት እስከ ተረከዟ ሁለቱንም ለካሁ። ቀኙ በሦስት ጣት አጥሯል። ወጌሻው ጅማት ዞሮ ነው፣ ሲሳብ ይመለሳል አሉ። እንዳይነኳት አልኋቸው። ያገሩን ሰው እግር ሲያሹ የኖሩ ናቸው፤ ተቀይመው ወጡ። ጥርጣሬዬ የጠቀመው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የት ወደቀች ብዬ ጠየቅሁ። ወንድሜ ከደጁ ድንጋይ ላይ ነው አለኝ። ሚስቱ ከበረቱ አጠገብ ነው አለችኝ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ወደቅሁ፣ አለቀ አለችኝ። ሦስት ሰው ጠይቄ የአንዱ ቃል ከሌላው አይገጥምም። ወይ ጉድ፣ እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር አለ አልሁ በሆዴ። ልብሷን ልቀይርላት ስል ደግሞ ቀሚሱን አየሁት፤ ያንን ለገና የሰፋሁላትን። ጨርቁን ጠንካራ ነው ብዬ ራሴ የመረጥሁት ነው። ጉልበቱ ላይ በሁለት በኩል ሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ቀሚስ ሲያልቅ ከጫፉ ወይ ከመቀመጫው ነው። በሁለት በሦስት ወር ጉልበቱ የሚያልቅበት ሰው ተንበርክኮ የሚውል ሰው ነው። እንግዲያው የወንድሜ ሚስት እናቴን አንበርክካ ቤት ታስለቀልቃታለች፣ እህል ታስለቅማታለች፣ ሲደክማትም ገፍታታለች አልሁ።

ቀሚሱን ወስጄ የወንድሜ ሚስት ፊት ዘረጋሁና ይህን ምን በላው አልኋት። ቀሚሱን አየች፤ እናቴን አየች። መልሷ ሌላ ሆነ፤ አጥንቷ ይመስለኛል፣ ዛሬውኑ ጎንደር ሐኪም ቤት ትሂድ አለች። እኔ ደሜ ፈላ። ከቤት ልታስወጣት ነው፣ እዚያ ብትሞትባት ጉዱ አብሮ ይቀበራል ብዬ አሰብሁ። ማን እንደገፋት ሳላውቅማ እናቴ ከዚህ ንቅንቅ አትልም ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ሁለት ቀን አስቆየኋት። ሁለት ቀን ሙሉ ተጣልተው ነበር ወይ፣ ጩኸት ሰምታችኋል ወይ እያልሁ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርሁ። የደጁን ድንጋይ በጫማዬ ሞከርሁት፤ አያዳልጥም። በረቱ አጠገብ ያለውን አፈር ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የሰው አወዳደቅ አይታይበትም። ወንድሜ ሲለምነኝ አንተ ሚስትህን ትፈራለህ አልሁት። የወንድሜ ሚስት እናቴን ታገላብጣለች፣ ከሥሯ ታጸዳለች፣ ጀርባዋን በሙቅ ውሃ ታብሳለች። ያንንም ለእኔ ታይታ ነው አልሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ማሳል ጀመረች፤ ትንፋሽ አጠራት። ጎንደር ትሂድ ያልሁት ያን ጊዜ ነው። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱልን።

ጎንደር ሐኪሙ ራጁን አይቶ የጭኗ አጥንት ከዳሌው ሥር ተሰብሯል አለን። ቶሎ መጥታ ቶሎ ቀዶ ጥገና ቢሠራላት ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ተኝታ በመቆየቷ ሳንባዋ ታሟል፣ እሱ ቀለል እስኪላት እንጠብቃለን፣ መነሣቷን እንጃ አለ። ለምን ዘገያችሁ ብሎም ጠየቀን።

ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ወደ እናቴ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ እንዴት ነው የወደቁት?»

ጆሮዬን አቀናሁ። አሁን ጉዱ ሊወጣ ነው አልሁ።

«ስሰግድ ነው ልጄ። ልነሣ ስል አዞረኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ? ስንት ይሰግዳሉ?»

«አርባ አንድ።»

ቁጥሩን ስሰማ የአልጋውን ብረት ያዝሁ። እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«የእርሷን ነው የምሰግድላት። ቀኖናዋን ሳትፈጽም ፋሲካ እንዳይደርስባት።»

ቀጥላም፣ ለእኔ መሆኑ ነው፣ እንዳይነግሩሽ ሁለቱንም በማርያም አስምያቸዋለሁ፣ አትቆጪያቸው አለች። ይህን ስትል እንኳ ሳል ያቋርጣት ነበር። እኔ እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀስሁ፤ እፍረትም ነበረበት።

ቀዶ ጥገናው በአሥረኛው ቀን ተሠራላት። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። ዛሬ በብረት መደገፊያ ከመደቡ እስከ ደጁ ትሄዳለች፤ ከደጁ አታልፍም። ቶሎ ብትመጪ ኖሮ ቤተ ክርስቲያንም በእግርሽ ትደርሺ ነበር ብሎ የነገራት ሰው የለም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። መንበርከክ ተከልክላለች።

ከፋሲካ በኋላ ስሄድ የወንድሜ ሚስት ደጅ ተቀምጣ ያንን ቀሚስ ጉልበቱን እየጣፈች አገኘኋት። ስፌቷ ጠማማ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቄ እፈታው ነበር። እግሯ ሥር ወደቅሁ፤ ቶሎ ብላ አነሣችኝ። ይቅር በይኝ አልኋት፤ ይቅር ለእግዜር አለች። አጠገቧ ተቀምጬ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት፤ መሐላው መሐላ ነው፣ ግን እናቴ ያን ያህል እየተሠቃየች እኔም ያን ያህል እያዋረድሁሽ እንዴት ዝም አልሽ አልኋት።

መርፌዋን አላቆመችም።

«እትዬ፣ ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

አላምናትም ነበር።